ጎዶሎ

ሐይፋ፣ ቀርሜሎስ ተራራ፣ ከምድር በታች ያለች ክፍል፤
ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ማግኔቱ ያጉረመርማል።

ፈሳሹን በኳርትዝ ብልቃጥ፣ ከእርሳስ በቀጠነች፣ ቀዳሁት፤
በናይትሮጅን አረጋሁት፣ አየሩን ሳብኩ፣ አቀለጥኩት፤
እንደገና አረጋሁት። ኦክስጅን ክፉ ጎረቤት ነው፤
ጭላጭ ከቀረ፣ የተወለደውን ሁሉ ቀድሞ የሚወስደው።

«አሁን አብሪው» ትላለች ራያ
(የወሎዋ ራያ አይደለችም፣ የካርኮቭ ሴት ናት፤
ስሟን የሰማሁ ቀን ነው መጀመሪያ የሳቅሁባት)።

አበራሁ። በሐምራዊው ብርሃን አንድ ጥንድ ተሰነጠቀ፤
ያለ ጓደኛ የቀረው ኤሌክትሮን አጠገቡ ያለውን ነጠቀ፤
ያም የእሱን ብቸኝነት ወርሶ ሌላውን ያዘ፤
ሰንሰለት እንዲህ ረዘመ፣ ጎዶሎነት እንደ ዕዳ
ከእጅ ወደ እጅ እየተጓዘ።

መሣሪያው ጥንዶችን አይሰማም።
እልፍ አእላፍ ቢሆኑ ለእሱ ዝም ናቸው፤
ማግኔቱ ሲጠራ «አቤት» የሚለው ጎዶሎው ብቻ ነው።
ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ጫፍ፦ አምስቱ ረጃጅም፣
አራቱ በመሀል፣ ድንኮች።

አባቴ ቢያድግልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ከወሽመጡ ፋብሪካ
እንደ መስታወት የሚጠራ ፕላስቲክ ሲያፈስ ኖረ፤
ዕብራይስጡ ከሰላምታ ባያልፍም ቴርሞሜትር ያነብ ነበረ።
«አንድ ነገር አይገባኝም» ይል ነበር፣ ክንዱን እያሳየኝ፤
«ቀጭን ሳለ ጨዋ ነው። እንደ ማር ሲወፍር፣
አለቀ፣ ረጋ ስል፣ ያኔ ነው የሚፈላብኝ።
አንድ ቀን ገንዳው ክዳኑን ወረወረ፤
ይኼ ጠባሳ ያኔ ቀረ።»
ፎርማኑን ቢጠይቀው «ሥራህን ሥራ» አለው።

ዛሬ፣ ፈሳሹ ሲወፍር፣ ዘጠኙ ጫፍ ድንገት አደገ።
ወንበሬን ገፍቼ ቆምኩ።
ጎዶሎ ከጎዶሎ ሲገናኝ ይጣመራል፣ ያርፋል፣ ሰንሰለቱ ያበቃል፤
ሲወፍር ግን መንገዱ ይዘጋል፤
ረጃጅሞቹ በቆሙበት ይታሰራሉ፣
ትንንሾቹ ሾልከው ይደርሷቸዋል፣ ይቀጠላሉ፣ ይቀጠላሉ፤
የሚያሳርፍ አቻ ያጣ ሰንሰለት
መቼ ይብቃኝ ይላል? ይነዳል እንጂ።

ብልቃጧ ደረቀች። ራያ ቀኑን ጽፋ መሳቢያ ውስጥ አኖረቻት፤
«ከስድስት ወር በኋላም» አለች «ጠይቂያት፣ ትመልሳለች።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩለት፤ አባቴ ከወፍ በፊት ነው የሚነሳ።
እስክጨርስ ድረስ ትንፋሹን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም።
«ታዲያ» አለ በመጨረሻ፣
«ፎርማኑም አያውቅም ነበር ማለት ነው!»
ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው።