ቅጽ ስምንት

ብሬመርሃፈን ላይ፣ ወደቡን ጭጋግ በዋጠበት ዕለት፣
ዴትሌፍ መለኪያውን ይዞ ደረሰ ከወይዘሮ ቪብከ ቤት።
ሴትዮዋ ደርድረው ጠበቁት ሰባት ደብተር፤
ቅጽ አንድ፦ የላይኛው ፎቅ ጥሩምባ፣ ሌሊት፣ በደቂቃ ሲቆጠር።
ቅጽ አራት፦ ሳል፣ ጫማ፣ የወንበር እግር።
ቅጽ ሰባት፦ አንዲት ኖታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር።

«ሠላሳ ዴሲቤል፤ እሱም የማቀዝቀዣዎ ነው።
ከላይ ድምፅ የለም።»
«አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ቀበርነው።
አሁን ክፍሉን ለካልኝ፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፤
ስንት ሜትር ኩብ ይወጣዋል የዚህ ዝምታ ይዘት?»

ሜትር ዘረጋ። ሥራው አልነበረም።
«ሠላሳ ስድስት።»
ስምንተኛው ደብተር ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን አልጻፉም።

ደረጃው ላይ፣ ሳያጠፋው የወጣው መለኪያ ስልሳን አለፈ፤
በር ይሁን፣ ሳግ ይሁን፣
አላጣራም።