አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል ስድስት፤ ነሐሴ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት።
አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል፤
የጣሪያው ቆርቆሮ ቀን የጠጣውን ፀሐይ አሁን ይተፋል።
ሻጂ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ፣
«መብራቱን አጥፋ፣ ቢል ይመጣል» ብሎ፤
ከጎማው ክምር ጀርባ የማድርበትን ፍራሽ ያውቃል፣
ያላየ መስሎ።

ክሪክ ላይ የቆመችው የሰማንያ ሁለት ሞዴል ዳትሰን ናት፣
ከቁራሌው ግቢ በዘጠኝ መቶ ድርሃም ያወጣኋት።
ከወንበሯ ሥር የቴምር ፍሬ፣ ሃያ አምስት ፊልስ፣
የሕፃን ጫማ፣ ያውም አንድ እግር፣
የሌላ ሰው ቤተሰብ፣ የሌላ ሰው ጉዞ ነበር።
ልጥለው አልኩና ተውኩት፤
ከመፍቻዎቹ ጋር አኖርኩት።

ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ቢተው ጋራዥ፣ ገና በልጅነቴ ሰማሁ፦
«መፍታትማ ማን ያቅተዋል?
ሰካራም ይፈታል፣ ሌባም ይፈታል፤
መካኒክ ሲገጥም ይለያል።»
ሰልባትዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፤
የጣሊያን ይሁን የወሎ ሳልለይ አፌን በዚህ ፈታሁ።
እዚህ ሻጂ በማላያላም ይጠራዋል፣ ጉል ረህማን በፓሽቶ፤
ብሎኑ ግን ቋንቋ አያውቅም፣
የሚታዘዘው ለቁጥሩ ነው፣ ልኩን አግኝቶ።

የእኔና የትርንጎን ቁጥር ግን አላገኘሁትም።
አሥራ አንድ ዓመት አጠበቅሁ፣ አጠበቅሁ፤
የዞረ ሁሉ የጠበቀ መስሎኝ
ጥርሱ ማለቁን ሳላውቅ ቀረሁ።
ሽማግሌ በስልክ ተቀመጠ፤
አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከአጅማን፣ አንዱ ኔትወርክ እየተቆረጠ፤
«ሃሎ፣ ይሰማል?» በሚባባሉበት መሀል
ተፈታን።

ባለፈው ሐሙስ ደወለች። ቁጥሯን አጥፍቼው ነበር፤
ጣቴ አወቀው።
«መኪናዋ ከፊት በኩል ትጮኻለች፣
ሌላ ጋራዥ አላምንም» አለች።
በሪከቨሪ ተጭና መጣች፣ ነጯ ያሪስ፣
ቁልፏ በፖስታ ታሽጎ።
በሩን ከፍቼ ስገባ
ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ።

ትርንጎ አጭር ናት፤ ፍሬን ስትረግጥ
ደረቷ መሪውን ሊነካ ትንሽ ነበር የሚቀረው።
እዚህ ወንበር ላይ የእኔም እግር አልደረሰም።
ረጅም ሰው ነው።
ስፖኪዮውም ለእሱ ተስተካክሏል፤
ኋላዬን ላይበት ብል ጣሪያውን ብቻ ያሳያል።

ጩኸቱን አገኘሁት፦ የቀኝ ፊት ጎማ፣
የፍሬኑ መያዣ ብሎን ላልቷል።
ማን እንዳላላው አውቃለሁ።
አምና በጥቅምት፣ በተጣላን ማግስት፣
የፍሬን ሸራ ስቀይር ስልክ ጠርቶኝ፣
በቁጣ ተነስቼ የተውኩት
እኔ ነኝ።
ዓመት ሙሉ በእኔ ንዴት ላይ ስትነዳ ከርማለች።

በልኩ አጠበቅሁት። እጄ ሩብ ዙር ጨምር ሲለኝ
እምቢ አልኩት።
የወንበሩን ሐዲድ ግሪስ ቀባሁ፤
ወንበሩን ከነበረበት አልነካሁትም።
ደረሰኝ ጻፍኩ፦
«ብሎን ማጥበቅ፣ አንድ። ዋጋ፣ የለውም።
ጥፋት፣ የመካኒኩ።»
ማታ መልእክት ገባ፣ አንዲት ቃል፦
«ደርሶኛል።»

ዛሬ ዳትሰኗን ገጠምኩ።
ከካርቡራተሯ የወጣው አሸዋ ጣሳ ሞልቷል።
ሞተሪኖው አንዴ አጉረመረመ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፤
በሦስተኛው ሰማያዊ ጭስ ጣሪያውን ዳሰሰ።
ክላክሷን ሞከርኩ፤
የጎረቤቱ ዘበኛ ከእንቅልፉ ባንኖ በፉጨት መለሰ።

እጄን ስጠርግ ጨርቁ ላይ አንድ ብሎን ተርፏል፤
አሥራ ሦስት ቁጥር።
ከየት እንደወጣ እንጃ፤
ያለ እሱም ትሄዳለች።
ከሕፃኑ ጫማ ውስጥ ጣልኩት።

ሙልኪያ የላትም፣ ታርጋም የላትም፤
መንገዳችን እስከ ግቢው በር ነው።
ሄድን፣ ተመለስን።
ደግመን ሄድን።
መብራቱን ማጥፋት ረስቼ።