የማክሰኞ ቁልፍ

ጀልባው ተሸጠና ሰንሰለቱ ቀረ፣
ቁልፉም ከኔ ኪስ ውስጥ ስምንት ዓመት አደረ።
የነፍስ አድን ጀልባ ቤት ነበር፤ ዛሬም ናፍጣ ይሸታል፤
የዌልስ ዝናብ ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል፣
በዛገው ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ያወራል።

አንድ ቀን ደብዳቤ ከማዘጋጃ ቤት፣
ከግርጌው ፊርማ ያለበት፣
«ልዩ ፍላጎት ላላቸው ወጣቶች፣
ለሥዕል፣ ለሙዚቃ፣ ለሸክላ ሥራዎች፣
ማክሰኞ ማክሰኞ በሩ ይከፈት» ይላል፤
ለማን አቤት ይባላል?

ልዩ ፍላጎት? አልኩኝ፤ እኔስ የለኝም ወይ?
ሻይ በሦስት ስኳር፣ ሰው ሳያናግረኝ፣ ቁጭ ብዬ ባሕር ሳይ።

መጡ።
ቴግዌን ከደጅ ቆማ ሰዓቷን እያየች፣
«ሦስት ደቂቃ አርፍደሃል» ብላኝ አልፋ ገባች።
ኢቮር በመዳፉ ግድግዳውን ዳብሶ፣
የማላውቀውን ስንጥቅ አገኘልኝ ደርሶ፤
ዓይነ ስውሩ እሱ፣
ሠላሳ ዓመት እዚያ ግድግዳ ላይ ካፖርት የሰቀልኩ እኔ።

በመጨረሻ ማክሰን፣ በባለ ሞተር ወንበር፣
ዓይኑ ከጣሪያው ሥር ከሰንሰለት ሲማከር።
አይናገርም። ከጉንጩ አጠገብ አንዲት ቁልፍ አለች፣
ሲነካት፣ በእህቱ ድምፅ፣ «እንደገና» ትላለች።
ሌላ ቃል የላትም።
አንድ ቁልፍ ለሱ፣ አንድ ቁልፍ ለኔ፤
ሌላ ንብረት የለኝ እኔም በዘመኔ።

መጀመሪያ ሰሞን መጥረጊያ አነሣሁ፣
ጠብታ ቀለም ባየሁ ስነጫነጭ ዋልሁ፤
ወለሉ የጀልባ ነው፣ የቀለም አይደለም።
ቴግዌን ቀና ሳትል፣ «ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስንም።»

ኔሪስ የማንንም እጅ ይዛ አታስልም።
ትጠብቃለች። ሻይዋ ይበርዳል፤ ትጠብቃለች።
ማክሰን ግን አራት ማክሰኞ ብሩሹን ጣለ፣
አራት ማክሰኞ ሰንሰለቱን እያየ ዋለ።
«እንደገና፣ እንደገና»፤
ምኑን? ገና ምን ተጀመረና!

በአምስተኛው ገባኝ። ዘይት ይዤ መጣሁ፣
ዝገቱን ፈቅፍቄ ማርሹን አፍታታሁ።
መርማሪ ተጠራ፣ መጣ ከነቅጹ፣ ከነሄልሜቱ፤
ቀበቶው ታየ፣ ብሎኑ ታየ፣ ተጎተተ ሰንሰለቱ።
ከተዘጋ ማተሚያ ቤት ያመጣነውን የጋዜጣ ጥቅል፣
ጀልባ በሚወርድበት ስሚንቶ ላይ ዘረጋነው፣ እስከ ጠጠሩ ቁልቁል።
የወንበሩ ጎማ ሰማያዊ ቀለም ጠጣ።

በዚህ እጄ ስንቱን ጀልባ ማዕበል ላይ አውርጃለሁ፤
ያን ቀን ግን፣ አልዋሽም፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ለካ ፈርቻለሁ።
ማክሰን አልፈራም። ወረደ።
በአገጩ መሪውን ነካ፤ መስመሩ ቀጥ ማለት ካደ፣
ተጠማዘዘ፣ ተመለሰ፣ በራሱ መንገድ ነጎደ።

«ጠማማ ነው» አለች ቴግዌን፣ ጫማዋን አውልቃ፣
እግሯን ቢጫ ውስጥ ነክራ ከጎኑ ወረደች ስቃ።
ኢቮር ተንበርክኮ እርጥቡን በጣቱ እየተከተለ፣
«እዚህ ጋ አመነታ፤ እዚህ ጋ ግን ሳቀ» አለ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ብያለሁ፣ ሳይጠሩት ነው።
ሸራ ፍለጋ ስንሮጥ ግማሹን ወሰደው፤
ሰማያዊው ከቢጫው ተዋህዶ፣
አረንጓዴ ሆኖ ገባ ጠጠር ለጠጠር ወርዶ።
የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ካሜራውን በካፖርቱ ሸፍኖ፣
«ይህ ምንድን ነው? ባሕር ነው?» ሲል ኔሪስን ጠየቃት።
«ሠዓሊው እዚያ ነው» አለች።
ማክሰን ጉንጩን አስጠጋ፣ ቁልፏን ቀስ ብሎ ነካት።

«እንደገና።»

ሰውየው መልስ መሆኑን አላወቀም።
እኔ ግን ሰንሰለቱ ጋ ደርሻለሁ፣
እጄ በዘይት ተለቅልቆ፣
የበሩን ቁልፍ በጥርሴ ይዤ።