ጥላ አከራይዋ

አሥራ አራት ጃንጥላ፣ ሃያ ስምንት ወንበር፣
የኔ ርስት ይኸው ነው፣ የኔ ዳር ድንበር።
ከሊማ በስተሰሜን፣ በረሃው ባሕር የሚነካበት፣
ሳንታ ኡርሱላ ይሏታል፤
ከኮረብታው ሲያዩዋት የተገመጠ ዳቦ ትመስላለች።

እሑድ እሑድ አውቶቡሱ ሰው ሲያራግፍ፣
አያት፣ ልጅ፣ ድስት ሙሉ ሩዝ፣ ሐብሐብ በእቅፍ፣
እኔ ጥላ አከራያለሁ።
ፀሐይ የሁሉ ናት፤ ጥላ ግን ዋጋ አለው።

ከንቲባው የምንለው ፔሊካን ነበረን፤
ሆዱን አስቀድሞ እየዞረ የሚያየን።
ወንድሜ ኩስቶዲዮ ጀልባውን ሲያስጠጋ፣
የዓሣ ግብሩን ሳይበላ ንቅንቅ የማይል፣ ቢመሽም ቢነጋ።

ያን ሌሊት የማዕበሉ ድምፅ ተለወጠብኝ፤
ድሮ እንደ ጎረቤት ነበር በሬን የሚያንኳኳልኝ።
ያን ሌሊት ግን እግሩን እየጎተተ መጣ፣
ከባድ ነገር እንዳዘለ፣ ትንፋሽ እንዳጣ።

ነጋ። ወረድኩ።
አረፋ የለም።
ጥቁር ምላስ ብቻ፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣
ድንጋዩን ይልሳል፤ ምንም አልቸኮለ።
ነዳጅ ነው አሉ። ነዳጅ ሲሉት የሚነድ መስሎኝ!
ይሄስ ክብሪት ሳይነካው ነው እኔን ያነደደኝ።

ሸርጣኖቹ ከጉድጓድ ወጥተው እዚያው ደርቀዋል፤
ጥያቄ እንዳለው ተማሪ አንድ አንድ እጅ አውጥተዋል።
ኩስቶዲዮ መረቡን ስቦ አየው፣ ምንም አላለ፤
ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ዋለ።

እሑድ ሲደርስ አውቶቡሱ እንደ ልማዱ መጣ።
ያልሰማም ነበር፤ ሰምቶ፣ ሊያይ የወጣ።
አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ ሲያነሳ፣
አንዲት ሕፃን አመለጠች፣ የእናቷን እጅ ረስታ።
እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁራ ስትመለስ፣
ውሃ አልነካውም፤ ሳሙናም አልደፈረው።
የወጥ ቤቴን ዘይት አምጥቼ አሸሁላት፣
ጣት በጣት፣ ጣት በጣት።
ዘይትን ያስለቀቀው ዘይት ነው፤
ለምሳ ያሰብኩት።

ማክሰኞ ነጭ ቱታ የለበሱ ተማሪዎች ደረሱ።
«ዶኛ ኤውላሊያ፣ ጥላ አለሽ?» አለችኝ ዩሊሳ፣ የእንስሳት ሐኪም ልትሆን የምትማረው።
«ለስንት ሰዓት?» አልኩ፤
አፌ ነው፣ የለመደው።
ከዚያ አፈርኩና አሥራ አራቱንም ዘረጋሁ፣
ቀዩን፣ ቢጫውን፣ የቢራ ማስታወቂያ ያለበትን፣
ከየሥሩ በካርቶን ፔንግዊኖች ደረደርን።
እንደዚያ ቀን ጥላዬ ሞልቶ አያውቅም፤
እንደዚያ ቀን አንድ ሳንቲም አልያዝኩም።

ከቢራው ጥላ ሥር ከንቲባው ነበር።
ክንፉ ከጎኑ ተጣብቆ፣
ዓይኑ ብቻ ንጹሕ።
ኩስቶዲዮ ከሌላ መንደር ገዝቶ፣ በእጁ፣ ሰርዲን አቀረበለት።
ዕድሜ ልኩን ሲያስገብረን የኖረው
ፊቱን አዞረ፤
ግብር አልቀበልም አለ።
በሦስተኛው ቀን፣ ጥላው ሳይዞር፣ አረፈ።

ከኩባንያው ሰውዬ መጣ፣ ጫማው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
ቅጽ ይዞ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ ቃሉን መጥኖ፣ ለስልሶ።
የቀን ገቢ? ሞላሁ። የጃንጥላ ብዛት? ሞላሁ።
ለከንቲባው የሚሆን መስመር ግራ ቀኝ ፈለግሁ።
ፈረምኩ።

ዓመት አለፈ። በመኪና ነጭ አሸዋ አፈሰሱ።
ማዕበሉ ያንኳኳል እንደገና። ሰዎች ተመለሱ።
«ባሕሩ ንጹሕ ነው?» ይሉኛል ገንዘቡን እየቆጠሩ።
«ይኸው እዩት» እላለሁ። ይታያል። ያምራል ዳሩ።

ትናንት ፀሐይ ዞራባቸው፣ ጥላውን አንሺልን አሉኝ።
ዘንጉን ነቀልኩት፣
ከአሸዋው ሥር አንድ ስንዝር ጠቁሮ መጣልኝ።
በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግሁት፣ በፍጥነት፣ እንደ ሌባ፤
ወላጆቿ አላዩም፤ ልጅቷ ግን ዓይኗ እኔ ላይ ገባ።

ወንበሯን ላስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩና፣
«ጫማሽን» አልኳት በጆሮዋ፣
«ጫማሽን አታውልቂ።»