ያልተቀደደው ትኬት

ከመሳቢያዬ ሥር፣ ከውሃ ደረሰኝ፣ ከመብራት ክፍያ፣
ስድስት ትኬት አለኝ፣ የዚያ ሁሉ ሌሊት፣ የዚያ ሁሉ ግፊያ።
አምስቱ ጎዶሎ፣ የበሩ ተቆጣጣሪ ጫፉን የቀደደብኝ፤
ስድስተኛው ሙሉ። ወረቀት ነው ያው ነው፣ ግን እሱ ከበደኝ።

የመጀመሪያው ቀን ትኬትም አልነበር፤
እኔና ቡራሳ፣ ከሐዋሳ ስታዲየም አጥር ማዶ፣ ግራር ላይ ነበር።
ዘፋኙን አላየን።
ያየነው አንድ ክርን፣ የድራም መቺው፣ ሲወጣ ሲወርድ፤
«ይህን ያህል ንጦ ቅቤው የት ነው?» አለኝ ቡራሳ ሲቀልድ።
ከኛ ከፍ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶው አናት ላይ አባ ኮዳ፣
ካፖርት እንደለበሰ ጡረተኛ ዳኛ፣ ሳይከፍል የገባ እንግዳ።

ከዚያ ትልቁ መጣ። ስሙን አልጠራውም፤
ዘመድ አለው እዚህ፣ ሰው ማስቀየም ደግሞ ለዕድሜዬ አይሆንም።
ለሁለት ሰዓት ጠርተው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከጭሱ ውስጥ ወጣ፣
ነጭ ሱፍ፣ ነጭ ጫማ፤
ጠርሙሱን አነሣ፣ እየጠጣም እንኳ ድምፁ መች ሊቋረጥ!
በሲዲ ነው ለካ። ሲዲው ተቧጭሮ አንዲት ቃል ሲያላምጥ፣
«ናፍ… ናፍ… ናፍ…» ሲል፣
አፉን ከፍቶ ቀረ፣ አሞራ ገደል ላይ እንደወጣ አምባዛ።
የወር ደሞዜ ሩብ ይህን ነው የገዛ።

ግን ያን መከፋቴን ቡራሳ ወሰደው፤
ጥብስ ዓሣ ሲቀርብ፣ ቢራ ሲከፈት፣ ሁልጊዜ ይተርከው፤
በየዓመቱ አድሶ፣ በየዓመቱ ቅመም እየጨመረ፣
አሁንማ ሲዲው ቀርቶ ዘፋኙ ራሱ ነው የተቧጨረ።
ክፉ ሌሊት ነበር።
እሱ ሲያወራው ግን፣ ሆዴን ይዤ ስቄ፣ ዓይኔ እንባ ያቀርር።

ሌሎቹ? አንደኛው ስፒከር ሥር አስቀምጦ ጆሮዬን በላኝ፤
አንዱ ላይ ቦርሳዬን፤ አንዱ ጨርሶም ትዝ አይለኝ።

ከዚያ፣ ሁለት ትኬት ገዛሁ፣ አንዱ የቡራሳ።
ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ተቀያሪው ቀረበት፣ ከበሩ አልተነሣ።
ሐይቁ ዳር ሆቴል ነው፣ መቶ ሰው ቢሆን ነው። ዝናብ ከታቦር በኩል ተንከባለለ፤
መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም ጥቂት አሳለና ዝም አለ።
ሰው መውጣት ሲጀምር፣
ጋሽ ይርዳው የሚባል፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጡረታ የወጣ፣
ሳክስፎኑን ታቅፎ፣ ከመድረኩ ወርዶ መካከላችን መጣ።
ያለ ማይክ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ በአንቺሆዬ ገባ፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።
እሱ ትንፋሽ ሲያጥረው ዝናቡ ይቀበላል፣
ዝናቡ ሲደክመው እሱ ይቀጥላል፤
አንዲት አስተናጋጅ፣ ትሪዋን እንደያዘች፣ በአፍንጫዋ ታዜም።
ማንም አልቀረጸው፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ከዝናቡ ደበቀ፤
እንደ ታመመ ጥርስ፣ አንድ ነገር ከውስጤ ሳያመኝ ወለቀ።

ሲነጋ ሄድኩለት። ቡራሳ በብርድ ልብስ ራሱን ጠቅልሎ፣
«እንዴት ነበር?» አለኝ፣ የፔርሙዙን ሻይ ለሁለት ከፍሎ።
ቀላ ያለ ዓይኑን፣ ጭቃ የነካው ካልሲውን አየሁ፤
ትኬቱን ኪሴ ውስጥ በጣቴ ዳሰስኩ።
«ምንም አላመለጠህ፤ ዝናብ ነው፣ ጨለማ፣ መብራት ሄዶ ቀረ፤
አንድ ሽማግሌ ትንሽ ነፋ ነፋ አደረገ፤ ሌላ አልነበረ።»
ቃል በቃል እውነት ነው።
እፎይ አለ። ሳቀ። «ገንዘብህን በሉህ!» ብሎ ሻዩን ጨመረልኝ።

ዐሥራ ሁለት ዓመቱ። ጋሽ ይርዳውም የለ።
አሁንም ዓሣ ቤት ጨዋታ ሲነሣ፣ ቡራሳ ይጀምራል፣
«ከሁሉም የከፋው ያ ዝናቡ ቀን ነው» ብሎ ሰው ያስቃል፤
እኔም እስቃለሁ።
መስኮቱ ማዶ፣ ያ ጡረተኛ ዳኛ አንገቱን ቀብሮ ያየኛል።
ትኬቱን ልሰጠው፣ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ሄጄ አውቃለሁ፣
አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።
ከዚያ ዓሣው ይቀርባል።