የጠራ ውሃ

ከሉማሜ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ ኋላ፣
ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ በማይክሮስኮፕ ጥላ።
መብራት የጠፋ ዕለት መስተዋቱን ለፀሐይ ሰጥቼ፣
የስንቱን ቤት ገመና አነበብኩ አንድ ዓይኔን ዘግቼ።

ማክሰኞ ሙሉሰው፣ የአራት ዓመቱን አንማው አዝላ መጣች፤
«ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ እግሩ ክር ሆነ» አለች።
«ግሳቱ የገማ ዕንቁላል፣ ሰገራው ቅባት የቀባው፤
ጎረቤት ዓይን ነው ይለኛል፤ አንተስ ምን ትላለህ? ምን በላው?»

ናሙናውን ዘርግቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
እውነትም ዓይን ነው። ሁለት ዓይን ወደ እኔ ሲያይ አገኘሁ።
ፊት አለው፣ ጅራት አለው፣ እንደ ቅጠል እየዞረ ይረግፋል፤
አፍ የለውም ጃርዲያ፤ ግን ከልጅ ፊት ማዕዱን ይገፋል።

«የምትጠጡት ከየት ነው?»
«ከምንጩ ነው፣ ከዋርካው ሥር፤
እንደ ዕንባ የጠራ ነው፣ ጠጠሩ የሚቆጠር።»

አውቀዋለሁ ያን ምንጭ፤ ጠጥቼዋለሁ ተንበርክኬ።
ከበላዩ ጥጃ ይታሰራል። ከበላዩ ሜዳ ይወጣል ሰው፤
እኔም ወጥቼ ነበር ያኔ፣ ቁጥቋጦ ታክኬ።
ዝናብ ሲጠርገው ማን የማንን እንደሆነ ጠየቀ?
ያገሬ ሰው ብሏል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ።

«በነጠላ አጥልዬ ነው» አለች። ነጠላማ ለእርሱ በር ነው፤
የጮቄ ብርድ አይገድለውም፣ ቅርፊቱን ለብሶ ወር የሚያድር ነው።
«ውሃው ጠራ ትላላችሁ፤ ማንን እንደጠራ ግን አልሰማችሁ» ስላት፣
ፈገግ አለች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ወርቁ ወዲያው ገባት።

መድኃኒቱን ሐኪሙ ጻፈ፤ እኔ የነገርኳት ሌላ ነው፤
ውሃው ሲንተከተክ አትቸኩዪ፣ ሦስት ደቂቃ ተይው።
ከሽንት ቤት መልስ ሳሙና፣ እርሱም ባይኖር ዓመድ፤
የልጅ ሰገራ ንጹሕ ነው አትበይ፤ እርሱም ያውቃል መንገድ።

«ማገዶውስ?» አለችኝ።
ለዚህ መልስ የለውም መስተዋቴ።
ቅዳሜ ምንጩን ልናጥር ወጣን፤ ስምንት ሰው፣ አንዱ አባቴ።
ጥጆቹን ወደ ታች አወረድን፤ ጉድጓድ ቆፈርን ከቁልቁለቱ።
«ሰባ ዓመት ጠጣሁት፤ ምን ሆንኩ?» አለ አባቴ። ከዚያ ዝም አለ፤
ሁለት ወንድሞቼ የቀሩበትን ዓመት የቆጠረ መሰለ።

አንማው በሁለት ሳምንቱ መጣ፣ በእግሩ፣ ጉንጩ ዳቦ እንደያዘ፤
ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። የሚያየኝ ዓይን የለም፤ ባዶ መስክ ብቻ፣ የፈዘዘ።

ምንጩ ዛሬም ይጠራል፤ ሙሉሰው ደጇ ላይ ትሰማለች፤
«እሳት ላይ ካልጮኸ በቀር፣ አቤት አልለውም» ትላለች።