ወደ ግራ፣ ትንሽ

ሁለት ዓመት ሙሉ
ወደ ግራ ትንሽ፣ አንድ ጣት በማይሞላ፣ መሪዋን ጠምዝዤ፣
ቀጥ ብዬ ስነዳ ኖርኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ይዤ።
ብለቃት ወደ ቀኝ ናት፤ ወደ ጠርዙ፣ ወደ ቦዩ፣
ሊስትሮው ሳጥኑን አቅፎ እስኪዘል፣
ሎተሪ አዟሪዋ «ኧረ ሰዎች፣ ይሄንን ሰው እዩ!»

ዲኤክስ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች።
ዕድሜ ያለው ሁሉ የራሱ አመል አለው ብዬ፣
እንደ አማት ጠባይ ችዬ፣
ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ካዛንቺስ
ስመላለስ ኖርኩ፣ እሷ ወደ ቀኟ፣ እኔ ወደ ግራዬ።

ከዚያ ትከሻዬ መጣ። የግራው።
ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛል፤ ብገለበጥም ያው።
ጥቁር አንበሳ ሄድኩ፤ ካርድ አወጣሁ፣ ተሰለፍኩ፣ ራጅ ተነሳሁ፤
ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘርግታ «ከባድ ነገር ታነሳለህ?» ስትለኝ፣
«የማነሳው ሰው ነው» አልኩ። አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁ።
የሚቀባ ሰጠችኝ።
ሳምንቱን መኪናዋ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ስትሸት፣
ተሳፋሪው መስኮት ሲከፍት፣
ሕመሙ ግን ከአንገቴ ሥር፣ እንደ ባለቤት እግሩን ዘርግቶ ተኛበት።

ጎማ ቁጠባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ኋላ፣ ሙዘይን የሚባል አለ።
ማዶ ያለው ባለ ኮምፒዩተር ነው፤ በወረፋና በሁለት ሺህ ብር።
ሙዘይን ያለው ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ቀለሙ የተላጠ ክሪክ፣
አስራ ሰባት ቁልፍ ሲላት አስራ አራት የምታቀብል
ረውዳ የምትባል የእህቱ ልጅ።

የመጣሁት ጎማ ልቀይር ነበር።
ከፊተኛው ሥር በርከክ አለ፤ እንደ ድመት ጀርባ በመዳፉ ዳሰሰው፤
ወደ ውስጥ ሲሄድ ልስልስ፣ ሲመለስ ሻካራ።
ደገመው።
ቀና ብሎም ሳያየኝ፣
«ግራ ትከሻህን አያምህም?»
ደነገጥኩ። «ማን ነገረህ?»
«ጎማህ።»

«ጉድጓድ መትተሃል» አለ፤ «ቆይቷል፤ ክረምት ላይ።»
አስታወስኩ። ለገሃር፣ ማታ፣ ዝናቡ አስፋልቱን ውሃ አልብሶት፣
ድው! ወረድኩ፤ በስልኬ መብራት ዙሪያዋን ሳይ
ጎማው አለ፣ ቸርኬው አለ፣ እኔም አለሁ።
«ምንም አልሆነም» ብዬ በሬን ዘግቼ ተውኩት፤
ለካ ያን «ምንም» ነው ሁለት ዓመት በትከሻዬ የተሸከምኩት።

ሲባጎውን ከኋላ ጎማ ወደ ፊት ወጠረ፤
ረውዳ ጫፉን ያዘች፣ እሱ እንደ ግንበኛ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረ።
ያለፈ ያገደመው፣ ዶሮ ሻጭ ሳይቀር፣ ክሩን እንደ ምላጭ ፈርቶ ተሻገረ።
ከዚያ ሥሯ ገባ።
ቴስቲናዋ ዝጋለች። ናፍጣ አጠጣት፣
ለመናት፣ ሰደባት፣
ዞረች።
«ስንት ዞረች?» አልኩ ከላይ።
«ሩብ።»
ሩብ ዙር!
ራጁ ላይ የሌለች፣ ብናገር ሰው የማያምናት፣
እንቅልፌን ስትበላ የከረመች ሩብ ዙር ናት።

ቸርችልን ቁልቁል እጄን አነሳሁ።
ወረደች። ፖስታ ቤቱን አለፈች፣ ማንም ሳይዛት፣
መንገዱን በቃሏ የምታውቅ ይመስል።
ያልተቃናሁት እኔ ነኝ።
መሪዋን ስጨብጥ እጄ በልማዱ ወደ ግራ፣ ትንሽ፤
እሷም ታዛ ወደ ግራ፤
ከአንድ ሚኒባስ ጋር ልንሳሳም ፀጉር ቀረን፤
ረዳቱ አንገቱን አስግጎ «ወንድሜ፣ በጠዋቱ?»

ማታ ከአምባሳደር ጀርባ ሻይ ቤት ገባሁ። ብርጭቆው በግራ እጄ፤
ሻዩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛው ጉልበቴ ላይ።
አስተናጋጇ መጣች፣ ጠረጴዛውን ነቅነቅ አድርጋ፣
«ይሄ እግሩ ነው፤ ስንቴ ነገርኳቸው» ብላ ተንበረከከች፤
ካርቶን ቀድዳ፣ አጥፋ፣ ከግራው እግር ሥር ወተፈች።

ምንም አላልኳት።
ደህና የነበረው ጠረጴዛ
አሁን ወደ ቀኝ፣ ትንሽ።